ድሩ የት ነው የሚጣበቀው? የ2004ቱ ስፓይደርማን 2 ከውስጥ ሲታይ

የድሮ ጌም ወሬ ሲነሳ ስፓይደርማን 2 ሳይጠራ አይቀርም። የ2023ቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱ መጀመሪያ ለፕሌይስቴሽን 5 የወጣው ነው። የማወራው በሰኔ 1996 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2004 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ከፊልሙ ጋር አብሮ ስለወጣው ነው። የሠራው ትሬያርክ ነው፣ ለገበያ ያቀረበው አክቲቪዥን። ፕሌይስቴሽን 2፣ ኤክስቦክስና ጌምኪዩብ ላይ ወጥቷል። እኛ ፒያሳና አራት ኪሎ ጌም ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅን ያየነው የፕሌይስቴሽን 2ቱን ነው።

ታሪኩ ያን ያህል አይደለም። ዶክተር ኦክቶፐስ አለ፣ ራይኖ አለ፣ ሚስቴሪዮ አለ። ድብድቡም መካከለኛ ነው። ሆኖም ያኔ የተጫወተውን ሰው ዛሬ ብትጠይቁት የሚያወራላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው፤ በድር እየተወዛወዙ ማንሃተንን ስለማቋረጥ። ናፍቆት ነው ብቻ እንዳትሉ። ከኋላው ሊብራራ የሚችል ሥራ አለ። የሥራው ሁሉ መነሻ ደግሞ አንዲት ሕግ ናት፦ የሚጣበቅበት ነገር ከሌለ ድር የለም።

ከዚያ በፊት ድሩ ሰማይ ላይ ነበር

ሕጓ ያን ጊዜ ለምን እንደ ጉድ እንደታየች ለመረዳት የቀደሙትን ማየት ይበቃል። በ2000 ኔቨርሶፍት ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የሠራው ስፓይደርማን ጥሩ ጌም ነበር። ግን መንገድ ላይ መውረድ አይቻልም። ከፎቆቹ ሥር ያለው ሁሉ በመርዛማ ጭጋግ ተሸፍኗል። በታሪኩ ጭጋጉ የጠላት ተንኮል ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን የኮንሶሉን አቅም ማነስ መሸፈኛ ነው። መንገዱን፣ መኪናውን፣ እግረኛውን ሁሉ ለመሳል አቅም አልነበረም፤ ስለዚህ ጭጋግ አለበሱት። ብልጠት ነው፣ አልነቅፈውም።

በ2002 ራሱ ትሬያርክ የመጀመሪያውን ፊልም ጌም ሠራ። ፎቆቹ አምረዋል፣ ብርሃኑ አምሯል። ድሩ ግን ወደ ላይ ይተኮስና ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል። የት ተጣበቀ? የትም። ደመና ላይ እንበለው። ዝቅ ብሎ ወደ መንገዱ የወረደ ደግሞ ይሞታል። ይህ እንግዲህ በረራ ነው እንጂ መወዛወዝ አይደለም። ገመዱ ለዓይን ተብሎ የተሳለ ጌጥ ነው።

በስቱዲዮው ውስጥ ይህ ነገር አልዋጥለት ያለው ሰው ጄሚ ፍሪስትሮም ይባላል፤ የቴክኒክ ኃላፊ ነበር። ድሩ ከእውነተኛ ሕንፃ ጋር የሚያያዝበት፣ ተጫዋቹም የምር ገመድ ላይ የሚንጠለጠልበት የሙከራ ሥራ አዘጋጀ። የ2004ቱ ጌም የቆመው በዚያ ሐሳብ ላይ ነው። ሰውዬው ሐሳቡን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም፤ ከዓመታት በኋላ ኢነርጂ ሁክ የሚባል የራሱን የመወዛወዝ ጌም ሠርቷል።

ጌሙ ፎቁን እንዴት ያገኘዋል?

አር 2ን ስትጫኑ ድር ይተኮሳል። ለእናንተ አንድ ቁልፍ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ማሽኑ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። የትኛው ፎቅ?

በዚህ ዓይነት ጌሞች የተለመደው ዘዴ የማይታይ መስመር መላክ ነው። መስመሩ ከጀግናው ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይሄዳል። ግድግዳ ካገኘ የነካበትን ነጥብ ይዞ ይመለሳል። ካላገኘ ባዶ ነው። እንዲህ እየተባለ በተለያየ አቅጣጫ ይፈለግና ከተገኙት ነጥቦች አንዱ ይመረጣል።

ፍለጋው ቀላል ነው። ፈተናው ምርጫው ላይ ነው። በጣም ቅርቡ ነጥብ ቢመረጥ ከግድግዳ ጋር ትላተማላችሁ። ከኋላ ያለው ቢመረጥ ወደመጣችሁበት ይጎትታችኋል። ዝቅ ያለው ቢመረጥ አስፋልት ላይ ትጎተታላችሁ። ጥሩ ነጥብ የሚባለው ከፊት ያለ፣ ከፍ ያለና አናሎጉን፣ ማለትም የጆይስቲኩን አቅጣጫ መስጫ ዘንግ፣ ወዳዞራችሁበት አቅጣጫ የሚያደላ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚያነበው የፎቆቹን ቦታ ብቻ አይደለም። ወዴት መሄድ እንዳሰባችሁም ይገምታል። ግምቱ ሲሳካ ማንም ልብ አይለውም። ሲስት ግን ጩኸት ነው፤ "እኔ እዚያ ነው ያልኩት!" ይባልና ጆይስቲኩ ይወቀሳል።

ሕጓ የምትጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ድሩ በቀኝ በኩል ካለ ፎቅ ጋር ከተያያዘ ጉዞው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። በመንገድ መሃል ቀጥ ብሎ ለመሄድ አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን መያዝ ያስፈልጋል። መታጠፊያ ሲመጣ የማዕዘኑን ፎቅ ይይዙና ገመዱ ራሱ እንዲያዞራቸው ይተዉታል። ይህ በየትኛውም ሚሽን ላይ የተጻፈ አይደለም። ሕጉ እውነተኛ ስለሆነ ብቻ የሚገኝ ችሎታ ነው። የለመደውንና ያልለመደውን ልጅ ለመለየት አንድ መስቀለኛ መንገድ በቂ ነበር።

ድሩ ሰማይ ላይ ሲጣበቅ ይህ ሁሉ የለም። ሁሉም ቦታ እኩል ነው፣ ሁሉም ተጫዋች እኩል ነው።

የተቀረው ዥዋዥዌ ነው

ነጥቡ ከተገኘ በኋላ ያለው ነገር የልጅነት ዥዋዥዌ ነው። ገመድ አለ፣ ክብደት አለ፣ የመሬት ስበት አለ። ማሽኑ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ሁለት ነገር ያሰላል። መጀመሪያ ስበቱ ጀግናውን ትንሽ ወደ ታች ይስበዋል። ቀጥሎ "ከድሩ ርዝመት በላይ ርቋል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ርቆ ከሆነ ድሩ ወደሚፈቅደው ክብ መስመር ይመልሰዋል፤ ከፍጥነቱም ውስጥ ገመዱን ወደ ውጭ የሚወጥረውን ድርሻ ይቀንስለታል። በክቡ ዙሪያ የሚሄደው ድርሻ ሳይነካ ይቀራል። መሠረቱ ይኸው ነው።

ቁጥሩን እንየው። 20 ሜትር ቁልቁል የተወዛወዘ ሰው ታች ሲደርስ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ይህ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ነው። ወፍራም ይሁን ቀጭን ለውጥ የለውም። የገመዱ ርዝመት ግን ጊዜውን ይለውጠዋል። 10 ሜትር ገመድ ላይ አንድ ደርሶ መልስ 6 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ገመዱ 40 ሜትር ሲሆን ወደ 13 ሰከንድ ይጠጋል። ርዝመቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሁለት እጥፍ። በጌሙ ውስጥ ከረጅም ድር ላይ የሚሰማችሁ ያ ሰፊና ዘገም ያለ ስሜት፣ ከአጭር ድር ላይ ደግሞ ያ መክለፍለፍ፣ ምንጩ ይህ ነው።

ከዚያ መልቀቅ ይመጣል። ዥዋዥዌ ላይ እያለ ዘሎ የወረደ ልጅ ነገሩን በሰውነቱ ያውቀዋል። ገና ታች ሳላችሁ ከለቀቃችሁ ፍጥነት አለ፣ ከፍታ የለም። በጣም ላይ ደርሳችሁ ከለቀቃችሁ ከፍታ አለ፣ ፍጥነቱ አልቋል። ሩቅ የሚወስደው መሃል ላይ ነው፣ ገመዱ ከ45 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ እንዳለ። ጎበዝ ተጫዋቾች ይህን ቀመር አይተውት አያውቁም። ጣታቸው ግን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ጌሙ ትንሽ ያጭበረብራል፤ ባያጭበረብርም ችግር ነበር። እውነተኛ ዥዋዥዌ ማንም ካልገፋው ከተነሳበት ከፍታ በላይ አይወጣም። በንጹሕ ፊዚክስ ቢሄድ ስፓይደርማን ከአንድ ድር ወደ ሌላው ሲሸጋገር እየወረደ እየወረደ መጨረሻው አስፋልት ይሆናል። ስለዚህ ስትለቁ የምትዘሉት ዝላይ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣችኋል። ሌላም ዝም የተባለ ነገር አለ። ገመዱ አግድም ሆኖ የጀመረ ውዝዋዜ ታች ሲደርስ ክንድ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነት ክብደት ሦስት እጥፍ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 225 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ በአንድ እጁ፣ በየውዝዋዜው። የኛ ትከሻ ታክሲ ውስጥ ቆሞ መሄድም ያማርረዋል።

ፎቁ አጭር ከሆነስ?

ያኔ ጌም ቤት ውስጥ ስክሪኑን እያየን አንድ ክርክር አይቀርም ነበር። ስፓይደርማን አዲስ አበባ ቢመጣ ይችላል ወይ? አሁን መልሱን ማስላት ይቻላል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ይነሳና ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር ይውረድ። በዚያ ዘመን ግራና ቀኙ በአብዛኛው ዝቅ ያለ ፎቅ ነው። አምስት ፎቅ ማለት 15 ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ ደግሞ ሰፊ ነው። 15 ሜትር ላይ የተጣበቀ ድር ከ15 ሜትር ካጠረ ብቻ ነው አስፋልቱን የማይነካው። መንገዱ መሃል ድረስ የሚደርሰውን የአግድም ርቀት ከዚህ ስትቀንሱ ቁልቁል የሚወዛወዝበት ጥቂት ሜትር ይቀረዋል። 5 ሜትር ብንል ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱን ብሬክ ለቆ የሚወርድ ሚኒባስ ይቀድመዋል።

ትግላችን ሐውልት ሲደርስ ደስ ይለዋል፤ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ግን አንድ ብቻውን የቆመ ምሰሶ ነው፤ የሚሸጋገርበት ሁለተኛ የለም። ዙሪያውን ሲዞር ይውላል። መስቀል አደባባይማ ጭራሽ ሜዳ ነው። ወርዶ እንደ ሰው ይሂድ።

የማንሃተን ምስጢር እንግዲህ ይህ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሁለቱም በኩል የተደረደረ ረጅም ፎቅ፣ ክፍተት የለም። ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እስከ ጣሪያው 381 ሜትር ነው፤ ጌሙ ውስጥም ቆሟል። እዚያ ላይ መውጣት፣ መዝለልና አስፋልቱ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር ድሩን መተኮስ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ዛሬማ ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንኮቹ ፎቆች ተጠጋግተው ቆመዋል። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ነው። ክርክሩን እንደገና ብንከፍተው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለው ሠፈር ለሱ ይመቸዋል ባይ ነኝ።

ከተማዋ በ32 ሜጋባይት

ሌላው ተአምር ማህደረ ትውስታው ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ራም 32 ሜጋባይት ነው። ስልካችሁ ዛሬ የሚያነሳት አንዲት ፎቶ ሦስት አራት ሜጋባይት ትሆናለች። አሥር ፎቶ በማይይዝ ቦታ ላይ ማንሃተን ከነደሴቶቹ እንዴት ገባች?

አልገባችም። ከተማዋ ያለችው ዲቪዲው ላይ ነው። ራሙ ውስጥ ያለው እናንተ የቆማችሁበት አካባቢ ብቻ ነው። ወደ ፊት ስትሄዱ የፊቱ ሠፈር ከዲስኩ ይነበባል፣ የኋላው ይጣላል። ሩቅ ያሉት ፎቆች ዝርዝር የሌላቸው ሣጥኖች ናቸው፤ ስትቀርቡ በደህናው ይተካሉ። መስኮቶቹ የተለጠፉ ሥዕሎች ናቸው፣ ከጀርባቸው ክፍል የለም። ዲስክ አንባቢው በሰከንድ የሚያመጣው ከ5 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የስፓይደርማን የፍጥነት ወሰን ያለው ክንዱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሌዘሩ ላይም ነው። ከዲስኩ ከቀደማችሁት ከተማው ገና አልደረሰም።

የኛ ጌም ቤቶች ዲስክ ደግሞ ኮፒ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የተፋቀ፣ በጥርስ ሳሙና የታሸ። አንዳንዴ ትወዛወዛላችሁ፣ ከዚያ ጌሙ ስታክ ያደርጋል፣ ስፓይደርማን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከውስጥ የሚሰማው የዲስኩ ቅጭ ቅጭ ብቻ ነው። ምን እየሆነ እንደነበር አሁን ግልጽ ነው። ሌዘሩ የሚቀጥለውን ሠፈር ፈልጎ አላገኘውም።

ሌላው ጣጣ ሂሳቡ ነበር። የኳስ ጌም በጨዋታ ይከፈላል፤ ፊሽካ ሲነፋ ያልቃል። ስፓይደርማን ግን አያልቅም። ስለዚህ በሰዓት ነው። ሰዓት ሲሆን ደግሞ ማንም ሚሽን አይሠራም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ዝም ብሎ ይወዛወዛል። ከኋላ የቆመው ተመልካችም የሚፈልገው እሱን ነው። 8 ሜጋባይት የምትይዘው ሜሞሪ ካርድ የጋራ ስለነበረች ማን በማን ላይ ሴቭ እንዳደረገ አይታወቅም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ጌም የመወዛወዝ ፍጥነት እየተጫወቱ በሚሰበስቡት ነጥብ የሚገዛ ነው። የቆየ ፋይል የከፈተ ልጅ ይበራል፤ ከዜሮ የጀመረው እየተንፏቀቀ ያየዋል።

ደካማ ጎኑ

ወደን አንዋሽ። መንገድ ላይ የሚያጋጥሟችሁ ችግሮች ጥቂት ናቸው፣ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ቦርሳ የተነጠቀች፣ ከፎቅ ጫፍ የተንጠለጠለ፣ ፊኛው ያመለጠው ሕፃን። የዚያ ሕፃን ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ታሪኩ እንዲቀጥል በየምዕራፉ የተወሰነ የጀግና ነጥብ መሰብሰብ ግዴታ ስለሆነ ፊኛውን ንቃችሁ ማለፍ አይቻልም። ፒዛ ማድረስም አለ፣ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደሙ። ፒዛ በያዛችሁ ቁጥር የሚሰማው ዜማ በ1880 ለቬሱቪየስ ተራራ የገመድ ባቡር የተሠራ የናፖሊ ዘፈን ነው። ገመድ ለገመድ ተገናኙ፤ አውቀውበት ይሆን እንጃ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች። ፒሲ ላይ በዚያው ስም የወጣው ሌላ ጌም ነው፤ ሌላ ስቱዲዮ የሠራው፣ ለሕፃናት የቀለለ። ድሩ የሚያያዘው አስቀድመው በተቀመጡ ምልክቶች ላይ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ቤት እሱን ተጫውቶ "ምኑ ነው የሚወራለት?" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትፍረዱበት። እሱ ያየው ሌላ ነገር ነው።

አዲሶቹስ?

ኢንሶምኒያክ በ2018 የሠራው ስፓይደርማን ያንኑ ሕግ ይዟል፤ ድሩ ፎቅ ይፈልጋል። ልዩነቱ እርዳታው ነው። ግድግዳ ብትመቱ ጀግናው ራሱ ግድግዳውን ይሮጥበታል። መሬት ልትነኩ ስትሉ ድሩ ራሱን ያስተካክላል። ከየትኛውም ከፍታ ብትወድቁ አትጎዱም። በመልክ ይበልጣል፣ ያምራል፣ ማንም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፊልም ያስመስለዋል። የ2004ቱ በመጀመሪያው ቀን ያሳፍራችኋል። ግድግዳ ትመታላችሁ፣ ትወድቃላችሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ይገባችኋል። የትኛው ይሻላል? ለእንግዳ አዲሱ፣ ለኔ አሮጌው። የሚገርመው በ2023ቱ ጌም ማስተካከያ ውስጥ የመወዛወዝ እርዳታውን መቀነሻና የመውደቅ ጉዳትን ማብሪያ አስገብተዋል። የድሮዎቹን ልመና ሰምተው መሆን አለበት።

አሮጌውን ዛሬ መጫወት ለሚፈልግ መንገዱ ጠባብ ነው። የዚህ ዓይነት ጌም ባለቤቱ አንድ አይደለም። ገጸ ባሕሪው የማርቭል፣ ፊልሙ የሶኒ፣ ጌሙ የአክቲቪዥን ነው፤ የተዋንያኑ ፊትና ድምፅም አለበት። የአክቲቪዥን የስፓይደርማን ፈቃድ አብቅቷል። ሁሉም እንደገና ካልተስማሙ እንደገና አይሸጥም። የቀረው ያገለገለ ኮንሶልና ዲስክ መፈለግ ነው። ሌላው አማራጭ ፒሲኤስኤክስ 2 የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። የፕሌይስቴሽን 2ን ሥራ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ይሠራል፤ የራሳችሁን ዲስክና ከራሳችሁ ኮንሶል የተወሰደ የማስነሻ ፋይል ይፈልጋል። ምስሉን ከድሮው ቴሌቪዥን በብዙ እጥፍ ያጠራዋል። የተለጠፉት መስኮቶች ያን ጊዜ ይጋለጣሉ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስትጀምሩ ኤክስን፣ የመዝለያውን ቁልፍ፣ ወዲያው አትልቀቁ፤ ይዛችሁ ስትቆዩ ዝላዩ ይጠራቀማል። የመጀመሪያ ነጥባችሁን ደግሞ የመወዛወዝ ፍጥነት ግዙበት። የቡጢው ዓይነት ይቆያችኋል።